የገጠር ውሃ በነጻ አይወጣም፦ ለአምስት ነጥቦች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ስለ ገጠር የመጠጥ ውሃ አምስት ነገር ይላል። ውሃ የተፈጥሮ ጸጋ ስለሆነ ለገጠር ሰው በጀሪካን መሸጥ ነውር ነው። የውሃ ተቋማቱ የሚቆሙት የሚያስተዳድራቸው የመንደሩ ኮሚቴ ስለሚበላና ሕዝቡ «የኔ ነው» ስለማይል ነው። ጀኔሬተሩን በሶላር መተካት የወጪውን ጉዳይ ይዘጋዋል። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ ክሎሪን ትርፍ ወጪ ነው። ቦኖ ጊዜው አልፎበታል፤ ለየግቢው ቧንቧ ይግባ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ ያስታውቃል፤ ቁጭታቸውንም እንጋራለን። ሐሳባቸው እንዳለ ሥራ ላይ ቢውል ግን ዛሬ ውሃ የሚያገኘው ቀበሌም ከርሞ አያገኝም።

ከአምስቱ ውጭ በመግቢያቸው ላይ ያነሱት አንድ ቅሬታ አለ፤ የሽፋን ቁጥር (ንጹሕ ውሃ ያገኛል ተብሎ የሚቆጠረው ሕዝብ ድርሻ) እና የሕዝቡ ኑሮ አይገናኙም ይላሉ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ እንዲያውም አሳንሰውታል። ሽፋን የሚሰላው ተቋሙ ያገለግላል ተብሎ በታሰበው ሕዝብ ልክ ነው። መለኪያው ራሱም ተቀይሯል፦ ቀድሞ በገጠር ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነበር፤ ከሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ወዲህ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሆኗል። ለ300 ሰው የተተከለ አንድ አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ እንውሰድ። ውሃው 30 ሜትር ላይ ከሆነ ጉልበት ያለው ሰው ሳያርፍ ሲነቀንቅ በሰዓት 700 ሊትር ያህል ያወጣል። 300 ሰው በ15 ሊትር 4,500 ሊትር ነበር፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። በ25 ሊትር 7,500 ሆነ፤ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት የሚጠጋ የማያቋርጥ ንቅነቃ ማለት ነው። አንዲት ብሎን ሳትላላ ፓምፑ በወረቀት ላይ አነሰ። ስለዚህ ወረፋ የረዘመበት ቦታ ሁሉ ብልሽት አለ ማለት አይደለም።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ ለሁሉም እንዲዳረስ ይላል፤ ጽሑፉ ይህን ጠቅሶ «እንግዲያው በነጻ» ወደሚለው ይሻገራል። አንቀጹ ስለ ዋጋ አያነሳም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ግን ያነሳል፦ ከተማ ሙሉ ወጪውን ይመልስ፣ ገጠር ማስኬጃውንና ጥገናውን ይሸፍን። ቁፋሮውን፣ ታንኩን፣ ዋናውን መስመር መንግሥት ወይም ረጂ ያሠራል። በጀሪካን የሚከፈለው ውሃውን ከጉድጓድ አውጥቶ ቦኖ ድረስ ለማድረስ ነው።

ይህ ምን ያህል ያስወጣል? 4,000 ሰው ያለበትን ቀበሌ እንያዝ። በ25 ሊትር ሂሳብ በቀን 100 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ወርዶ ከሚረጋበት ደረጃ አንሥቶ እስከ ታንኩ አፍ፣ የቱቦው ሰበቃ ተደምሮ፣ 150 ሜትር ነው እንበል። ውሃውን ለማንሳት ብቻ 41 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ፓምፕና ሞተር ከሚሰጣቸው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጡት ግማሹን ያህል ስለሆነ ከጀኔሬተሩ መውጣት ያለበት 78 ይደርሳል። ደህና የተያዘ ጀኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። እንግዲህ በቀን 26 ሊትር ናፍጣ። ለስሌት እንዲቀል ሊትሩን 100 ብር ብንለው በሜትር ኩብ 26 ብር፣ ለባለ 20 ሊትር ጀሪካን 52 ሳንቲም ይመጣል።

ይህ ጠብታ ሳይባክን ነው። ከወጣው ውሃ 30 በመቶው መንገድ ላይ ከቀረ፣ የተሸጠው 70 ሜትር ኩብ የመቶውን ናፍጣ ይሸከማል፤ 26 ብሩ 37 ይሆናል። በላዩ ላይ የኦፕሬተሩ ደመወዝ፣ የውሃ ሻጮቹ አበል፣ ክሎሪኑ፣ ዘይቱና ፊልትሮው አለ። የጀኔሬተር ዘይት በየ250 ሰዓቱ ይቀየራል፤ በቀን 12 ሰዓት ለሚሠራ ሞተር በየሦስት ሳምንቱ ማለት ነው።

የሚረሳው ግን መተኪያው ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ፓምፕ ከነሞተሩ ስምንት ዓመት ቢሠራ፣ አዲስ ገዝቶ አሮጌውን አስወጥቶ ለመትከል በምሳሌ 900,000 ብር ቢጠይቅ፣ በየዓመቱ 112,500 ብር መቀመጥ አለበት። በዓመት ለሚሸጠው 25,550 ሜትር ኩብ ሲካፈል 4 ብር ከ40 ሳንቲም ነው፤ በጀሪካን 9 ሳንቲም። ብዙ ቀበሌ ለወራት ደርቆ የሚከርመው በዚህች 9 ሳንቲም ምክንያት ነው፤ ታሪፍ ሲወጣ መጀመሪያ የምትቀነሰው እሷ ናትና። የተቀመጠውም ብር ባንክ ውስጥ እያለ ዋጋው ስለሚወርድ፣ ከፊሉን በዓይነት መያዝ ይሻላል፦ አንድ ትርፍ ፓምፕ ለሦስት አራት አጎራባች ተቋማት በጋራ፤ ኮንታክተር (የሞተሩ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ኦቨርሎድ ሪሌይ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ ኃይሉን የሚቆርጠው)፣ የጉድጓድ ኬብልና መቀጠያው ለእያንዳንዱ።

ስሌቱን የሚያፋልስ ሌላም ነገር አለ። ታሪፍ ሲወጣ ዲዛይኑ ላይ ያለው መጠን በየቀኑ ይሸጣል ተብሎ ይታሰባል። ክረምት ሲገባ ግን ሰው የጣሪያ ውሃና የቅርብ ምንጭ ስለሚያገኝ ቦኖው ይቀዘቅዛል። በበጋም ቢሆን በጀርባው ተሸክሞ የሚሄድ ሰው 25 ሊትሩን አይሞላም። ደመወዝና የመተኪያው ተቀማጭ ደግሞ ክረምት በጋ አያውቁም። ስለዚህ ቋሚ ወጪው ለዲዛይኑ ግማሽ ያህል ሽያጭ ቢካፈል ወደ እውነቱ ይቀርባል። አቅም ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀበሌው ስም ዝርዝር አውጥቶ ነጻ ኩፖን ይስጥ፤ ጉድለቱን ሆቴሉ፣ ግንባታው፣ መሥሪያ ቤቱ በከፍተኛ ታሪፍ ይሸፍነው። ለሁሉም በነጻ ከተባለ ናፍጣው በወረዳ በጀት ላይ ይወድቃል። የወረዳ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሞተር ግን ሐምሌም ይቃጠላል።

ኮሚቴው ይበላል ስለሚለው። ሌብነት የለም አንልም። ግን ጽሑፉ ጠፋ የሚለው ገንዘብ ከፊሉ ያለ ሌባ የሚጠፋ ነው። ቢጫው ጀሪካን ብዙ ጊዜ 25 ሊትር ይይዛል። በ20 ሊትር ዋጋ ከተሸጠ ከአምስት ሊትር አንዱ ሳይከፈልበት ሄደ፤ ሻጯም «የት አደረስሽው?» ትባላለች። መፍትሔው ስብከት አይደለም፤ ለየቦኖው አንድ ቆጣሪ ነው። ጠዋትና ማታ ይነበባል። ልዩነቱ 6 ሜትር ኩብ ከሆነ የ300 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ገንዘብ መገኘት አለበት፤ ለማለቅለቂያና ለፈሰሰው 5 በመቶ ይታለፍ። ከዚያ በላይ ከጎደለ መጀመሪያ ቆጣሪውን በታወቀ መያዣ መፈተን፣ ቀጥሎ ሻጯን መጠየቅ። በየወሩ ከየቤቱ እኩል መዋጮ የሚሰበሰብበት መንገድ ይህን ማመሳከሪያ ያጠፋዋል፤ አሥር ነፍስ ያለው ቤትና ብቻዋን የምትኖር እናት እኩል እንዲከፍሉም ያደርጋል።

ሕዝቡ «የኔ» አይልም የሚለው ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ በማኅበረሰብ ከሚመሩት ፕሮጀክቶች ጋር ይጋጫል። በዚያ አሠራር የግንባታው ገንዘብ በቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ በኩል በራሱ በኮሚቴው እጅ ያልፋል፤ ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚዋዋለው ተጠቃሚው ነው። ለተቆፈረ የእጅ ጉድጓድና ለጎለበተ ምንጭ ይህ በደንብ ይሄዳል። አፍሪዴቭ የተነደፈው የመንደር ሰው በአንድ መፍቻና በአንድ ማውጫ መሣሪያ እንዲፈታው ነው። ብልሽቱን መለየትም ቀላል ነው። ፓምፑ ውሃ ከሰጠ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይተውና እንደገና ሲነቀነቅ ከአምስት ንቅነቃ በኋላም ውሃ ካልመጣ የታችኛው ፉት ቫልቭ (ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው መዝጊያ) ወይም የቱቦው መጋጠሚያ ያፈሳል። ውሃው ወዲያው መጥቶ በ40 ንቅነቃ 10 ሊትር የማይሞላ ከሆነ ዩ ሲሉ አልቋል። ይህች የላስቲክ ቀለበት በዋጋዋ ከሁሉ ትንሿ ናት፤ ወረዳ ላይ ስትጠፋ ግን 300 ሰው ወደ ወንዝ ይመለሳል። ጽሑፉ መለዋወጫ ላይ አንድም ቃል አለመጻፉ አስገርሞናል።

ችግሩ ይህንኑ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ባለ ጀኔሬተርና ባለ ብዙ ቦኖ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ማስቀመጥ ነው። እዚያ ደመወዝተኛ ኦፕሬተርና የሂሳብ ሠራተኛ፣ በስሙ ባንክ መክፈትና መክሰስ የሚችል ሕጋዊ አካል ያስፈልጋል። አንዳንድ ክልሎች ለኮሚቴዎች ሕጋዊ ሰውነት የሚሰጥ ሕግ ያወጡት ለዚህ ነው። ሞተር የሚቃጠልበትን መንገድ እንመልከት፦ ጀኔሬተሩ ቮልቴጁ 380 ላይ ሳይረጋ ፓምፑ ይለቀቃል፤ ወይም ሲዘጋ ፓምፑ ሳይቆም ጀኔሬተሩ ይጠፋል። ኦቨርሎድ ሪሌዩ ደጋግሞ ሲቆርጥ ኦፕሬተሩ «አስቸገረ» ብሎ መለኪያውን ከሞተሩ ሳህን ላይ ከተጻፈው አምፔር በላይ ያዞረዋል። ሪሌዩ ሲጮኽ የነበረው ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ስለደከመ ወይም ፓምፑ አሸዋ ስለያዘ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩ ይሄዳል፤ ወረዳው «በአያያዝ ጉድለት» ብሎ ይጽፋል። ሰውየውን ግን ማንም አላሠለጠነውም።

አንድ ደብተር ብዙውን ያድናል። የሠራበት ሰዓት፣ የዋናው ቆጣሪ ንባብ፣ የሦስቱም ፌዝ አምፔር በየቀኑ፤ የጉድጓዱ የውሃ ደረጃ በየሳምንቱ፣ ፓምፑ ቆሞና እየሠራ። በሰዓት የሚወጣው ውሃ ቀንሶ ደረጃው ካልወረደ ችግሩ ፓምፑ ወይም ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቱቦ ነው። ሲሠራ ያለው ደረጃ ከወትሮው እየወረደ ከሄደ ጥፋቱ ከጉድጓዱ ነው፤ አዲስ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ይሆናል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጉድጓድ ሲከደን የመለኪያ ቀጭን ቱቦ ስለማይገባለት ደረጃውን ማወቅ አይቻልም። ፓምፑ በሚቀጥለው ጊዜ ከጉድጓድ ሲወጣ ይግባለት።

ሶላር ላይ ጽሑፉ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ ያደረገበት ስለሆነ እንቆይ። ጸሐይ አትከፈልም። ምሳሌያችን ግን በቀን 78 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። የቀኑን ጸሐይ በሙሉ ኃይሏ እንደ 5.5 ሰዓት ብንቆጥር፣ ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሽቦ 20 በመቶ ብንቀንስ፣ 18 ኪሎዋት ገደማ ፓኔል ይወጣል፤ ባለ 400 ዋት 45 ፓኔል። ይህ ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ቦታ ነው። ጀኔሬተር 100 ሜትር ኩቡን በ12 ሰዓት ሲያወጣ በሰከንድ 2.3 ሊትር ይስባል። ሶላር ያንኑ በስድስት ሰዓት ተኩል መጨረስ ስላለበት 4.3 ሊትር መሳብ አለበት። በፓምፕ ሙከራ በሰከንድ 4 ሊትር የሰጠ ጉድጓድ ሥራ ላይ ከ70 እስከ 80 በመቶው፣ 3 ሊትር ገደማ፣ ነው የሚወሰድበት። ለናፍጣ የበቃ ጉድጓድ ለሶላር አነሰ። በግድ ከተሳበ የውሃው ደረጃ ይወርዳል፣ 150ው ሜትር ይረዝማል፣ አሸዋ ይመጣል፣ የፓምፑ ምላሶች ይበላሉ።

ስለዚህ ፓኔል ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው የጉድጓዱ ሙከራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ በሰከንድ 3 ሊትር እንዲወሰድ ከፈቀደ፣ ሶላሩ 70 ሜትር ኩብ ያውጣ፤ ቀሪውን 30 ጀኔሬተሩ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይሙላ። 26 ሊትር የነበረው ናፍጣ ወደ 8 ይወርዳል። ቁጠባው ትልቅ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ጀኔሬተሩን መሸጥ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። በድርቅ ጊዜ፣ በተለይ በቦረናና በሶማሌ ክልል ዓይነት ቆላ፣ ከሩቅ የመጣ ሰውና ከብት ሁሉ የሚሰፍረው ውሃ ያለበት ጉድጓድ ላይ ነው። ጀኔሬተር ተጨማሪ የሌሊት ሰዓት አለው፤ ሶላር የለውም።

ታንኩም ይታሰብ። ሶላር የሚያወጣው ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ ሰው የሚቀዳው ንጋት ላይና ማታ ነው። ቢያንስ የግማሽ ቀን ውሃ፣ በምሳሌያችን 50 ሜትር ኩብ፣ ማደር አለበት። ብልሽቱንም በተመለከተ የናፍጣ መካኒክ በየወረዳው ከተማ አለ፤ የኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለሞተሩ በሚሆን መልክ የሚለውጠው መሣሪያ) ቦርድ የሚጠግን ግን ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ውሉ ላይ የሁለት ዓመት ዋስትና፣ ትርፍ ኢንቨርተርና ሥልጠና ይጻፍ። መሬት የያዘ ሽቦና የመብረቅ መከላከያ ይኑረው። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያቆመው ሴንሰር «ቶሎ ቶሎ ያቆምብናል» ተብሎ ከተነቀለ፣ ሞተሩ በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ደርቆ በደቂቃዎች ይጠፋል። ፓኔል የሚታጠበው በማለዳ፣ ሳይግል ነው።

ስለ ክሎሪን አጭር ነን። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ አፉ ላይ ብዙ ጊዜ ከተህዋስያን ንጹሕ መሆኑ ልክ ነው። የሚቆሽሸው መንገድ ላይ ነው፦ መስመሩ ባዶ ሲሆን በሚያፈሰው መጋጠሚያ የውጭውን ጭቃ ይስባል፤ የቀረውን ጀሪካኑ ይጨርሰዋል። ቦኖ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ተረፈ ክሎሪን ከተገኘ እቤት ድረስ ይጠብቃል። ለ50 ሜትር ኩብ ታንክ በሊትር 2 ሚሊግራም ለመጨመር 150 ግራም ያህል ኤችቲኤች (የክሎሪን ዱቄት) ይበቃል፤ በባልዲ ይበጠበጥ፣ ኖራው ይዝቀጥ፣ የጠራው ወደ ታንኩ ይጨመር፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቀዳ ይቆይ። ዱቄቱን ጀኔሬተር ቤት ማስቀመጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ከናፍጣና ዘይት ጋር ከተገናኘ እሳት ያስነሳል። «ጥልቅ ከሆነ ንጹሕ ነው» የሚለው ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ላይ ጨርሶ አይሠራም። እዚያ በብዙ ጉድጓድ ፍሎራይዱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ይበልጣል፤ በወንጂ አካባቢ ያደረሰው የጥርስና የአጥንት ጉዳት የታወቀ ነው። ክሎሪንም ማፍላትም አያወጣውም፤ ማፍላት እንዲያውም ያጠነክረዋል። መፍትሔው ሌላ ምንጭ ወይም እንደ አጥንት ከሰል ያለ ማጣሪያ ነው።

የመጨረሻው የግቢ ቧንቧ ነው። ፍላጎቱን አንቃወምም፤ የሴቶችን ሸክም የሚያወርድ፣ ሽያጩንም ከፍ የሚያደርግ ነገር ነው። ጥያቄው መስመሩ ለዚያ ተሠርቷል ወይ ነው። እያንዳንዳቸው አራት ቧንቧ ላላቸው ሦስት ቦኖዎች የተዘረጋ ባለ 63 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ቱቦ በሰከንድ 2.4 ሊትር ያሳልፋል። በዚያው መስመር ላይ 40 ግቢዎች ንጋት ላይ አብረው ቢከፍቱ 6 ሊትር ይፈለጋል፤ የሰበቃው ኪሳራ ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ታች ያሉት ይሞላሉ፤ ዳገት ላይ ያለው ቦኖ አየር ያፏጫል። ዳገቱ ላይ የሚኖሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለግቢ ቧንቧ መክፈል ያልቻሉት ናቸው።

ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማታ ፓምፑን አቁሞ ቦኖዎቹን ሁሉ ዘግቶ የታንኩን ውሃ መለካት፤ ወለሉ 5 በ5 ሜትር የሆነ ታንክ እስኪነጋ 10 ሳንቲሜትር ከወረደ 2.5 ሜትር ኩብ በመሬት ውስጥ ጠፍቷል፤ ቅጥያ ከመፍቀድ በፊት ያ ይጠገን። ቀጥሎ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ከሁሉም ከፍ ብሎ ያለውን ቦኖ ማየት፤ ባልዲ በወጉ ካልሞላ ቅጥያ አይጨመር። ካለፈ፣ በየመስመሩ የሚፈቀደው ብዛት ተቆጥሮ፣ ሦስት አራት ጎረቤት በአንድ ቧንቧ እየተጋራ ይጀመር። ቆጣሪ ያልተገጠመለት ግን አንድም አይቀጠል፤ በሰከንድ 0.15 ሊትር የሚፈስ ቧንቧ ሌሊት ለስምንት ሰዓት ክፍት ቢረሳ ከ200 ጀሪካን በላይ ያፈሳል።